አጥቂው የሚገባበት በር፦ ልጆቻችንን ከወሲባዊ ጥቃት ለመጠበቅ ለአርባ ምንጭና ለጋሞ ዞን ነዋሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

አብዛኛው ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ «ከማታውቀው ሰው ጋር እንዳትሄድ» የሚል ነው። ምክሩ አይከፋም፤ ነገር ግን የሚከላከለው ከአደጋው ትንሹን ክፍል ነው። በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት የሚፈጽመው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አከራይ፣ አስጠኚ፣ መምህር፣ የሃይማኖት አገልጋይ፣ አንዳንዴም የገዛ አባት ወይም እንጀራ አባት። ይህን የምጽፈው በሰው ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ለመዝራት አይደለም። እኛ የምንጠብቀው በር ሌላ፣ አጥቂው የሚገባበት በር ሌላ ሆኖ ብዙ ልጆች ስለተጎዱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። ጥፋተኛ ተብሎ 25 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሰው ቤተሰቡ የተከራየበት ቤት ባለቤት ነበር። እናትየዋ በነሐሴ 2016 ጉዳዩን በአደባባይ ስትናገር አገር አለቀሰ፤ ፍትሕ የሚጠይቀውን አቤቱታም ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ወሎ ጃሪ ውስጥ ወላጅ ላጡ ልጆች በተቋቋመ የሕፃናት መንደር ኃላፊ የነበረ የብሪታንያ ዜጋ በልጆቹ ላይ በፈጸመው ጥቃት በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት ተፈርዶበታል። አንዱ አከራይ ነው፣ ሌላው የእርዳታ ሠራተኛ። ሁለቱም ልጆቹን ለማግኘት አጥር መዝለል አላስፈለጋቸውም።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዩኒሴፍ በመስከረም 2017 መጨረሻ ባወጣው ግምት፣ ዛሬ በዓለም ላይ በሕይወት ካሉ ሴቶች ከ8 አንዷ 18 ዓመት ሳይሞላት የመደፈር ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል። ቁጥሩ ከ370 ሚሊዮን ይበልጣል። ከወንዶችም ከ11 አንዱ በልጅነቱ ተጠቅቷል። ስለ ወንዶች ልጆች ያለው ዝምታ ከሴቶቹም የባሰ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች «ልጅ» ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው።

ልጅ ለምን በቀላሉ ይጠቃል? አቅም ስለሌለው ብቻ አይደለም። ያሳደግንበት መንገድም አለበት። «ታላቅ ሲናገር ዝም በል»፣ «ሲልኩህ እምቢ አትበል»፣ «የተሰጠህን ተቀበልና አመስግን» እያልን እናሳድጋለን። እነዚህ ትምህርቶች በራሳቸው መልካም ናቸው፤ እኔም ያደግሁባቸው ናቸው። ግን ገደብ ካልተደረገላቸው ለአጥቂው የተዘጋጀ ልጅ ያስረክባሉ። በዚያ ላይ ስለ ሰውነቱ የሚናገርበት ቃል አላስተማርነውም፤ ብልቱን መጥራት ራሱ ነውር ነው ብለነዋል። ሲጎዳም የሚናገርበት ቃል የለውም፤ ቢናገር ደግሞ መጀመሪያ የሚቆጡት እኛው እንደሆንን ያስባል። አጥቂው ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ጉልበት የማይጠቀመው። ከረሜላ፣ ብስኩት፣ አሥር ብር፣ የስልክ ጌም ይሰጣል፤ ቀስ በቀስ ያለማምደዋል፤ «ይህ የአንተና የእኔ ምስጢር ነው» ይላል፤ በመጨረሻም «ብትናገር እናትህ ትገርፍሃለች» ብሎ ያስፈራራል። ልጁም ስጦታውን ስለተቀበለ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ስለዚህ ማሳሰቢያው የሚጀምረው ከቤት ነው።

በቤትና በግቢ

ልጆቻችሁ የሰውነት ክፍሎቻቸውን በስማቸው እንዲጠሩ አስተምሯቸው። በቤት የምትነጋገሩት በጋሞኛ ከሆነ በጋሞኛ፣ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ። ከ3 ወይም ከ4 ዓመት ጀምሮ ገላቸውን ስታጥቡ ማስተማር ይቻላል፤ የተለየ ሥነ ሥርዓት አያስፈልገውም። የውስጥ ልብስ የሚሸፍነውን የሰውነት ክፍል ማንም መንካት እንደሌለበት፣ የራሱንም እንዲነካለት መጠየቅ እንደሌለበት ንገሩት። ለማጠብ ወይም ለሕክምና ካልሆነ በቀር፣ ሐኪም እንኳ ቢሆን እናንተ ባላችሁበት ብቻ።

ልጅ «እምቢ» ሲል አክብሩት። ዘመድ ሊስመው ሲል ቢሸሽ አስገድዳችሁ አታስሙት፤ «ሰላም በል» ብላችሁ እጁን ይስጥ፣ ይበቃል። በዘመድ ፊት እምቢ ማለት ተፈቅዶለት ያላደገ ልጅ ብቻውን ሲሆን እምቢ እንዲል መጠበቅ ከንቱ ነው።

ምስጢር የሚባል ነገር ከአዋቂ ጋር እንደሌለ ይወቅ። ለልደት የተገዛ ስጦታን ደብቆ ማቆየት አንድ ነገር ነው። «ለእናትህ እንዳትናገር» የሚል ትልቅ ሰው ግን ምንም ቢሰጥ፣ ማንም ቢሆን፣ ያኔውኑ ሊነገርበት ይገባል። ይህን አንድ ትምህርት ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ብትሄዱ አጥቂውን ከትልቁ መሣሪያው ትለዩታላችሁ።

በሲቀላም ሆነ በሴቻ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ውኃው የጋራ ነው፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ጓሮው ጨለማ ነው። ትንሽ ልጅ በማታ ብቻውን ወደ ሽንት ቤት አይሂድ። የሽንት ቤቱ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ካልሆነ ተከራዮች ገንዘብ አዋጥታችሁ መቀርቀሪያ አስገቡለት፤ አከራዩን አትጠብቁ። እናትና አባት ሁለቱም ሥራ ውለው የሚገቡ ከሆነ ልጆቹ ከትምህርት ቤት በኋላ ከማን ጋር እንደሚቆዩ በስም ይታወቅ። «ግቢ ውስጥ ናቸው» መልስ አይደለም። በላንቴ፣ በጫኖና በሸሌ ሙዝ ማሳ የሚውሉ ወላጆች፣ በገበያ ቀን ማልደው የሚወጡ እናቶችም ይህንኑ ያስቡ፤ ታላቅ እህት ራሷ የ9 ዓመት ልጅ ከሆነች ጠባቂ ልትባል አይገባም።

ልጆችን ከትልልቅ ወንድ ዘመዶች ወይም ከእንግዳ ጋር በአንድ መኝታ አታስተኙ። ቤቱ አንድ ክፍል ቢሆንም ልጆቹ ከእናታቸው አጠገብ፣ እንግዳው በሌላው ጥግ ይተኛ። እንግዳው ቢቀየም ይቀየም።

ልጁን በባጃጅ በኮንትራት የምትልኩ፣ ሾፌሩን፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና ማኅበሩን እወቁ። ከተቻለ ልጆቹ ሁለት ሦስት ሆነው ይሂዱ፤ መጨረሻ ላይ ብቻውን የሚቀር ልጅ አይኑር። አስጠኚ ሲመጣ ትምህርቱ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይሁን። በሰንበት ትምህርት ቤትም፣ በመዘምራን ልምምድም፣ በስፖርት ቡድንም ሕጉ አንድ ነው፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ውስጥ አይቆይ። ቅን አገልጋይ በዚህ አይከፋም፤ ራሱንም ከሐሜት ይጠብቅበታል። የሚከፋ ካለ ግን ለምን እንደከፋው መጠየቅ አለበት።

ስልክም በር ነው። ልጃችሁ በቴሌግራምና በቲክቶክ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ጠይቁ። ራቁት ምስል እንዲልክ የጠየቀው ሰው ካለ፣ ከላከም በኋላ «እበትነዋለሁ» እያለ የሚያስፈራራው ካለ፣ ልጁን አትምቱት፤ መልእክቱን ሳታጠፉ ወደ ፖሊስ ውሰዱት።

ከቤት ርቀው ስለሚኖሩ ልጆች

ይህ ክፍል የእኛን ዞን በተለይ ይመለከታል። ከቦንኬ፣ ከካምባ፣ ከዲታና ከሌሎችም ወረዳዎች ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ወርደው ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ወላጅ በሳምንት ወይም በወር ስንቅ ይልካል፤ ቀሪውን ለአከራይ አደራ ይላል። የ14 ዓመት ልጅ የቤት ኪራይ ሲያልቅባት ማን ጋር ሄዳ ትጠይቃለች? «እኔ እከፍልልሻለሁ» የሚላት ሰው የሚመጣው በዚያች ቀን ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሦስት አራት ሆነው በአንድ ቤት ይከራዩ፤ የቤቱ ቁልፍ በእነርሱ እጅ ብቻ ይሁን፤ ኪራዩን ወላጅ በቀጥታ ለአከራዩ ይክፈል። ትምህርት ቤቶችም ተከራይተው የሚማሩትን ለይተው ይመዝግቡ፤ አንዲት መምህርት ተመድባ በየጊዜው ቤታቸው ሄዳ ትይ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ብዙ ነው።

ሽመና ይማራሉ ተብለው ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚላኩ ልጆች ጉዳይ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የሽመና እጅ የጋሞ ክብር ነው። ልጅን ለማያውቁት ሰው አስረክቦ በዓመት አንድ ጊዜ በመስቀል መልእክት መጠበቅ ግን ክብር የለበትም። ልጁ የሚሠራበትን ቤት ያላየ ወላጅ ልጁን አይላክ። በስልክ ሲያገኘውም አሠሪው አጠገቡ ቆሞ እያዳመጠ ከሆነ አንድ ነገር እንዳለ ይረዳ። ወደ ከተማ ለቤት ሠራተኝነት የሚላኩ ሴቶች ልጆችም ዕጣቸው ከዚህ የተለየ አይደለም። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ልጅን ለብዝበዛ መመልመልንና ማጓጓዝን በከባድ ቅጣት ይቀጣል፤ ደላላው አክስት ቢሆንም።

ወደ ዶርዜ በሚያወጣው መንገድ ላይ ልጆች ለቱሪስት እየጨፈሩ ሳንቲም ይጠይቃሉ። አስጎብኚዎችና ሾፌሮች፦ መኪናውን አታቁሙላቸው፤ ለእንግዶቻችሁም ብር በመስኮት እንዳይሰጡ ንገሯቸው። ሎጅና ሆቴል ያላችሁ ደግሞ ከልጅ ጋር የመጣ አዋቂን ሁሉ፣ ፈረንጅም ይሁን አበሻ፣ ዝምድናውን ሳትጠይቁና መታወቂያ ሳታዩ ክፍል አታከራዩ።

ልጁ ሲናገር

ልጅ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነግራችሁም። «አጎቴ ጋር መሄድ አልፈልግም» ይላል። ሆዴን አመመኝ ይላል። ማታ መሽናት አቁሞ የነበረው እንደገና ይጀምራል፤ ጎበዝ ተማሪ የነበረችው ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ ከዕድሜው በላይ የሆነ የወሲብ ነገር በጨዋታው ውስጥ ይታያል፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ገንዘብ ወይም ልብስ ይገኝበታል። ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁጭ ብሎ፣ በፍቅር፣ ያለ ችኮላ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው። የብልት ሕመም፣ መድማት ወይም ፈሳሽ ካለ ግን ጥያቄውን ለሐኪም ትታችሁ ወዲያው ሂዱ።

ሲናገር አትጩሁ፤ አታልቅሱበት። «ለምን አልጮህሽም?»፣ «እዚያ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?»፣ «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ከአፋችሁ አታውጡ። አምናችሁ መስማታችሁን፣ ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን፣ መናገሯ ትክክል መሆኑን ንገሯት። ለማንም እንደማትናገሩ ቃል አትግቡላት፤ ለሚረዱን ሰዎች ብቻ እንነግራለን በሏት። ዝርዝሩን ደጋግማችሁ አታስተርኩ፤ የነገረቻችሁን በራሷ ቃል ጻፉትና አስቀምጡት። ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለፓስተር ወይም ለቄስ እየወሰዳችሁ እንደገና አታስደግሟት።

የተጠረጠረውን ሰው ሄዳችሁ አትጋፈጡት። ይሸሻል፤ ማስረጃ ያጠፋል፤ ወይም በቁጣ የምታደርጉት ነገር ጉዳዩን ወደ እናንተ ያዞረዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ጥቃቱ በቅርቡ የተፈጸመ ከሆነ ልጁን አታጥቡ። ልጅ ቆሽሾ ማየት ለእናት ከባድ ነው፤ ግን ውኃው ማስረጃውን ይወስደዋል። የለበሰውን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ፌስታል ውስጥ አታስገቡት፤ እርጥበቱ ያበላሸዋል።

ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። በከተማው ላላችሁ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ፤ በደጋው ላላችሁ ጨንቻ ሆስፒታል። ራቅ ያለ ቀበሌ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሂዱ፤ ወዴት እንደሚላክ ታውቃለች። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይበልጥ ይሠራል፤ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የወር አበባ ለጀመረች ልጅ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ እርሱም ቢፈጥን ይሻላል። ከቀበሌ ወደ ከተማ ለመውረድ መኪና ስትጠብቁ፣ ከዘመድ ጋር ስትመካከሩ እነዚያ ሦስት ቀናት እንዳያልፉ። 72 ሰዓት ካለፈም አትቅሩ፤ የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና፣ የአእምሮ ድጋፍና የሕክምና ማስረጃ አሁንም ያስፈልጋል።

ለፖሊስ አመልክቱ። በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ላይ የሚሠራ መርማሪ ጠይቁ፤ ለሴት ልጅ ሴት መርማሪ እንድትሆን ማሳሰብ መብታችሁ ነው። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም እንዲከታተል አሳውቁ። ዓመታት ያለፉበት ጉዳይ ቢሆንም «ጊዜው አልፏል» የሚለውን ከሕግ ባለሙያ እንጂ ከሰፈር ሰው አትቀበሉ።

የልጁን ስም፣ ፎቶ፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአባቱን ስም በፌስቡክ አትለጥፉ። አርባ ምንጭ ውስጥ ቀበሌውንና ዕድሜውን ብቻ መጻፍ እንኳ ልጁን ለማሳወቅ ይበቃል። ቁጣችሁ ትክክል ነው፤ ልጁ ግን ከዚያች ቀን በኋላ በዚያው ሰፈር ነው የሚያድገው። ከቤት መውጣት ያለበት ሰው ካለም የተጠረጠረው ነው፤ ልጅቷን ወደ ገጠር አያቷ ዘንድ በመላክ ነገሩን አታዳፍኑት፤ ትምህርቷንም አታቋርጡባት።

ሕጉ ምን ይላል

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ የግብረ ሥጋ ድፍረት የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አጥቂው ልጁን የማስተማር፣ የመጠበቅ ወይም የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ከሆነ መነሻው 15 ዓመት ይሆናል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ማስገደድ ባይኖርም አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል፤ ስለዚህ «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከራከሪያ አጥቂውን ነጻ አያወጣውም። ወንድ ልጆች ላይ በወንድ የሚፈጸመው በአንቀጽ 631 ይታያል፤ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ነው። በ1949 የወጣው የቀድሞው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ የሚድንበት ቀዳዳ ነበረው። ያ ቀዳዳ በ1996ቱ ሕግ ተዘግቷል።

ስለ ሽምግልና

በሕግ የተዘጋው ቀዳዳ ግን በየመንደሩ ክፍት ነው። የልጅቷ አባት ይጠራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ «ስሟ ይጠፋል፣ ማን ያገባታል» ይባላል፤ አንዳንዴም ለደፈራት ሰው ትዳራለች። ሁሉም እርቅ አወረድን ብሎ ይበተናል። ልጅቷ አልተጠየቀችም፤ ካሣውም ለእርሷ አልደረሰም። አጥቂው ግን ዋጋውን አውቆ ወጥቷል፤ ሌላ ልጅ ሲያጋጥመው ስንት እንደሚከፍል ያውቃል። በእኔ እምነት ለልጆቻችን ከራሱ ከአጥቂው ቀጥሎ የከፋው ጠላት ይህ ዓይነቱ እርቅ ነው።

ይህን የምለው ለሽምግልና ንቀት ስላለኝ አይደለም። በመስከረም 2011 በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሱት። ያን ቀን የሰው ሕይወት ድኗል፤ አገርም አይቶ አድንቋል። በሕዝብ ሸንጎው፣ በዱቡሻ ላይ የሚነገር ቃል እስከ ዛሬ ይከበራል። በጋሞ ወግ ጎሜ የሚባለው ጥፋትም ተሸፍኖ ከቆየ ቤትንና መንደርን እንደሚጎዳ ይታመናል፤ የሚስተካከለውም በግልጽ ሲነገር ነው። ታዲያ በልጅ ላይ የተፈጸመ ድፍረት እንዴት በሹክሹክታ ያልቃል?

ስለዚህም የመጨረሻው ማሳሰቢያ ለአባቶች ነው። የልጅ መደፈር ወደ እናንተ ሲመጣ ለካሣ አትቀመጡበት። በዚያው ቀን ቤተሰቡን ይዛችሁ ወደ ፖሊስና ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ምስክር የሚፈራ ከሆነ ከጎኑ ቁሙ፤ አቤቱታውን አንሱ እያለ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ የአጥቂው ዘመድ ካለ ገሥጹት። እርቅ የምታወርዱት ልጅቷ በሰፈሯ አንገቷን ሳትደፋ እንድትኖር ይሁን። «በልጅ ላይ የተፈጸመ ድፍረት በሽምግልና አይታይም» ብላችሁ በየዱቡሻው በአደባባይ አውጁ። ይህን ቃል ተናግሮ ከእናንተ በላይ የሚደመጥ ሰው በዞኑ ውስጥ የለም።